የዝሆን ልጅ ጥጃ ነው ግልገል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሱሉልታ ነው። የአራተኛ ክፍል ልጄ «ከራስህ ፈጥረህ ስለ አንድ የዱር እንስሳ ጻፍ» ተብሎ ዝሆን የሚመስል፣ ሁለት ኩምቢ ያለው፣ ክረምት ውሃ በሚተኛበት ሜዳ የሚኖር አውሬ ፈጠረ። ስሙን «ዝሆኔ» አለው፤ የዝሆኔን ልጅ «ጥጃ»፤ ከአፉ የሚወጣውን ነጭ ነገር «ቀንድ»። እናቴ ስትሰማ «በስመ አብ! የበሽታ ስም እኮ ነው» አለች። መምህሩ ደግሞ «ጥጃ» እና «ቀንድ» የሚሉትን በቀይ አስምረውባቸዋል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። ዝሆኔ እግር የሚያሳብጠው በሽታ ነው፤ በደጋው አገር በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ ኖረው የሚያመጡት ዓይነትም አለ። በዚያ ላይ «ዝሆኔ» «የእኔ ዝሆን» ማለትም ይሆናል። «ዝሆኔ ሣር ይበላል» ብሎ ሲጀምር፣ ጓሮው ዝሆን ያሰረ ነው የሚመስለው። (እኔ እንኳ ይኼኛውን ወድጄዋለሁ።) አማርኛ እንግዳ አውሬ ሲሰይም የሚያውቀውን እንስሳ ይዞ መኖሪያውን ከፊት ያደርግለታል፤ የሜዳ አህያ፣ የሜዳ ፍየል እንደምንለው። «የረግረግ ዝሆን» ቢለው ያምርበታል።

«ጥጃ» ከእንግሊዝኛ ሾልኮ የገባ ይመስለኛል፤ እነሱ ለላምም ለዝሆንም ልጅ ያላቸው ቃል አንድ ነው። እኛ ዘንድ ጥጃ የላም፣ ውርንጭላ የአህያ፣ ደቦል የአንበሳ ነው። ለዝሆን ግልገል እንላለን። «ግልገል የበግና የፍየል አይደል?» ይሉኝ ይሆናል። ነው፤ ግን ቃሉ ከበረት ከወጣ ቆይቷል። ግልገል ዓባይን፣ ግልገል ጊቤን፣ ኧረ ግልገል ሱሪንም ያስቡ፤ ትልቅ አቻ ላለው ትንሽ ነገር ሁሉ ይሆናል። እናቱ 22 ወር ገደማ ተሸክማው፣ ሲወለድ 100 ኪሎ አካባቢ የሚመዝነው ፍጡርም ከእናቱ አጠገብ ሲቆም ግልገል ነው።

«ሁለት ኩምቢ» ማለቱ ደግሞ ጎበዝ ያሰኘዋል። ቁጥር ከፊት ካለ «ኩምቢዎች» ማለት ግድ አይደለም።

«ቀንድ» ላይ መምህሩ እውነት አላቸው፤ በአማርኛ የዝሆን ጥርስ ነው የሚባለው፣ ነገሩም በእርግጥ የላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርስ ነው። ግዕዙ ግን ከልጅዎ ጋር ቆሟል፦ ቀርነ ነጌ፣ «የዝሆን ቀንድ» ይለዋል። ስለዚህ ይታረም፤ ነጥብ ግን ባይቀነስበት።