ጠዋቱን ለቢሮ አይስጡት፦ ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ አዲስ አበባ ለአጭር ቀናት ለሚሄዱ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እህቴ። በጥር ወር ለእህትዎ ሰርግ ከሜሪላንድ ወደ አዲስ አበባ ለዘጠኝ ቀናት እንደሚሄዱ፣ በዚያው ጉዞ ለወንድምዎ የቤት ውክልና ሊሰጡ እንዳሰቡ፣ ጄት ላጉ (በአገሮች የሰዓት ልዩነት የሚመጣው ድካምና የእንቅልፍ መዛባት) ቀኖችዎን እንዳይበላብዎትም ምን ማድረግ እንደሚገባዎ ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ በጥር፣ ለሰርግና ለውክልና፣ ከዚሁ አካባቢ ተነሥቼ ስለሄድኩ የእርስዎ ጉዳይ የእኔው ነው ብዬ ነው የምመልስልዎ። ስለ ሻንጣና ስለ ስጦታ ሌሎች ብዙ ይነግሩዎታል። እኔ የምጽፈው ስለ እንቅልፍዎና ስለ ፊርማዎ ነው። የምጠቅሳቸው ሰዓቶች ሁሉ፣ የዋሽንግተኑም ጭምር፣ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ።

1. አስቀድመው ሒሳቡን ይያዙ። አሜሪካ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ስታዛውር ኢትዮጵያ አታዛውርም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ሰባት ሰዓት የነበረው ልዩነት በጥር ስምንት ሰዓት ይሆናል። አዲስ አበባ ቢሮ የሚከፈትበት ጠዋት 2፡30 ለእርስዎ ሰውነት ሌሊት 6፡30 ነው። የሰውነታችን ሰዓት ደግሞ በየቀኑ የሚያስተካክለው በግምት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ የብዙ ሰው ውስጣዊ ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም ማምሸት ይቀለዋል፣ ቀድሞ መተኛት ግን ይከብደዋል። ወደ ምሥራቅ መብረር ከመመለሱ ይልቅ የሚያደክመው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ስምንቱን ሰዓት በሙሉ እዚያ ደርሼ አስተካክላለሁ ካሉ፣ ሰውነትዎ ከአዲስ አበባ ጋር ሲታረቅ የመመለሻዎ ቀን ደርሶ ያገኙታል። ስለሆነም ከመነሣትዎ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት በየዕለቱ አንድ አንድ ሰዓት እየቀደሙ ይተኙ፣ አንድ አንድ ሰዓት እየቀደሙም ይነሡ፤ እንደ ተነሡም የቤቱን መብራት ሁሉ ያብሩ። በሥራ መካከል አይቻልም የሚሉ አሉ፤ እኔ የማታ ፈረቃ እየሠራሁ ተቀያይሬ አድርጌዋለሁ።

2. ከእኔ በፊት የመለሱት ወገኖች ሁሉ «እንደ ወረዱ የጠዋት ፀሐይ ይሙቁ» ብለውዎታል። በቅን ልብ የተሰጠ ምክር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ከለንደን ለሚመጣ ሰው ትክክል ነው፣ ከዋሽንግተን ለሚመጣ ግን ነገሩን ያባብሰዋል። ምክንያቱን ላስረዳ። የሰውነት ሙቀት በሌሊት እየቀነሰ ሄዶ ከተለመደው የመንቂያ ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ነጥብ በኋላ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ወደ ፊት ያስኬደዋል፤ ከዚያ በፊት ያየነው ብርሃን ግን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሜሪላንድ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት የሚነሣ ሰው ዝቅተኛ ነጥቡ ሌሊት ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይህም አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በረንዳ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ሰውነቱን ወደ አዲስ አበባ ሳይሆን መልሶ ወደ አሜሪካ ይገፋዋል። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ሦስት ሰዓት ያህል ከቤትዎ አስተካክለው ከሄዱ ግን ነጥቡ ወደ ጠዋት 3 እና 4 ሰዓት ይመጣልዎታል።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ፦ ከዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ ረፋድ ላይ ተነሥቶ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ በሚያርፈው ቀጥታ በረራ ከሄዱ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ የሚያሳልፉት ወደ 13 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሌሊት ነው። የመጀመሪያውን ምግብ እንደ ጨረሱ ዓይንዎን ሸፍነው ይተኙ፤ ፊልሙን ይተዉት። እግርዎ እንዳያብጥና ደም እንዳይረጋብዎ በነቁ ቁጥር ተነሥተው ይራመዱ። ቦሌ ሲወርዱ ጥቁር የፀሐይ መነጽር ያድርጉ፣ እስከ 4 ሰዓትም አያውልቁት። መጋረጃ በተዘጋበት ክፍል አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ቢያንቀላፉ አይከፋም፤ ከዚያ በላይ ግን የሌሊቱን እንቅልፍ ይሰርቅብዎታል። ከሰዓት በኋላ መነጽሩን አውልቀው ይውጡ፣ በእግር ይሂዱ፣ ሰፈሩን ይዙሩ። በሁለተኛው ቀን መነጽሩን አንድ ሰዓት ቀድመው ያውልቁ፣ በሦስተኛው ቀን ጨርሶ አያስፈልግዎትም። እኔ በሰርጉ ጠዋት ሙሽራው ወንድሜ ገና ሳይታጠብ ተነሥቼ ሽማግሌዎቹን ያስቀመጥኩት ይህንን በመከተሌ ነው።

3. ማንኛውንም የቢሮ ጉዳይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጠዋት ላይ አያድርጉት። ይህ ምክር ሁለት መስመር የሚበቃው ይመስላል፤ እኔ ግን ያየሁትን ካልነገርኩዎ ክብደቱ አይገባዎትም።

ወንድሜ አስቀድሞ ወረፋ ይዞልኝ ስለነበር በደረስኩ ማግስት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የቤቴን ውክልና ለእርሱ ልሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት ቀረብኩ። ለሰውነቴ ሌሊት 7 ሰዓት ነበር። ወረፋውን ወደ ከሰዓት በኋላ እንዲያዛውሩልኝ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠውን ወጣት ባለሙያ በትሕትና ለመንኩት፤ ከረጅም በረራ እንደ ወረድኩና ሰነዱን በንቁ አእምሮ ማንበብ እንደምፈልግ ገለጽኩለት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ለውጭ አገር ሰው የተለየ ሰዓት የለንም፤ እንቅልፍህን ጨርሰህ አትመጣም ነበር?» አለኝ። በዕድሜ አባቱ ልሆን እችላለሁ። አጠገቡ የነበረችው ደግሞ «ዲያስፖራ ሲባል ስንፍና ነው» ብላ ሳቀች።

የሰውነት ሰዓት ስንፍና እንዳልሆነ እዚህ ላይ በአጭሩ ልናገር። በ2017 እ.ኤ.አ. የሕክምና የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ባደረጉት ምርምር ይህ ሰዓት በሕዋሳት ውስጥ በዘረ መል አማካይነት እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩ ሳይንቲስቶች ናቸው። ሰው በሌሊት 7 ሰዓት ትኩረቱ የሚደክመው እንዲሁ ተፈጥሮው ስለሆነ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለሙያው ከአታሚው የወጣውን ወረቀት እስክሪብቶ ደርቦበት በመስኮቱ ስር ገፋልኝና በጣቱ የፊርማውን ቦታ እየመታ «እዚህ ጋ ፈርም፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ። ደቃቅ ፊደል የሞላበት ገጽ ነው። ዓይኔ ቢንከራተትም መስመር በመስመር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። እኔ የጠየቅሁት ቤቱን እንዲያከራይ፣ እንዲያሳድስና ግብር እንዲከፍል ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን በመካከል «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚል ሐረግ ገብቷል። ባለሙያው «ለሁሉም የሚጻፍ ነው» አለ። ለሁሉም የሚጻፍ ሊሆን አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚፈቅድ፣ በቁጥር 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥና በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ያ ሐረግ ገባ ማለት ለወኪሉ ልዩ ሥልጣኑ ተሰጠው ማለት ነው። በወንድሜ ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ ውክልና የሚሰጠው ግን በመተማመን ብቻ ሳይሆን በተጻፈው ቃል ነው።

አልፈርምም አልኩ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ፣ ወንድሜም ክንዴን ይዞ «ተው፣ ነገ ወረፋ አናገኝም» አለኝ። ቢሆንም ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፣ የማይፈለገውን ሐረግ በእርሳስ አሰመርኩበት፣ በማግስቱ 9 ሰዓት ላይ ተመልሼ ለኃላፊዋ በጽሑፍ አቀረብኩ። ኃላፊዋ ጨዋ ሴት ነበሩ፤ አንብበው ወዲያውኑ እንዲታረም አዘዙ፣ ፈረምኩ፣ ወጣሁ። ያ ባለሙያ እስከ መጨረሻው ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እስከ ዛሬም ይከነክነኛል። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ለእኛ ሰውነት ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት መሆኑን፣ አእምሯችንም ንቁ የሚሆነው ያን ጊዜ መሆኑን በዓይኔ አረጋግጫለሁ። ወንድምዎ ወረፋ ሲይዙልዎ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ እንዲሆን አጥብቀው ያሳስቧቸው። ጥር 11 ጥምቀት ስለሆነ ቢሮ ዝግ ነው፤ በከተራውም ዕለት ከቀትር በኋላ መንገዱ ሁሉ ታቦታቱን በሚያጅበው ሕዝብ ስለሚሞላ ለቢሮ ጉዳይ አይመኩበት። ውክልናውን እዚሁ ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን አዘጋጅቶ አዲስ አበባ ላይ ማረጋገጥም ይቻላል፤ ጉዳይዎ የሚፈቅድ ከሆነ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህንኑ እመርጣለሁ።

ቁጥሩን ከዚህ በኋላ ትቼ የቀረውን ልጻፍ። ቡናን በተመለከተ የእናት ቤት ፈተና ከባድ ነው። እንግዳ እየመጣ «እንኳን ደህና መጣሽ» በሚባልበት ቤት ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ቡና ይፈላል። ካፌይን ከጠጡት በኋላ አምስት ሰዓት ገደማ ቆይቶ እንኳ ግማሹ ከደምዎ አይወጣም፤ ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና በመኝታ ሰዓት አብሮዎ አለ። እኔ ከ8 ሰዓት በፊት የፈላውን አቦል ተቀብዬ እመርቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሲፈላ ቆሎውን እየዘገንኩ ጨዋታውን እካፈላለሁ፣ ሲኒውን ግን አላነሣም። ምክንያቱን አስቀድመው ለእናትዎ ከነገሩ ማንም አይቀየምም፣ እርሳቸው ራሳቸው ይከላከሉልዎታል።

ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ መንቃትዎ አይቀርም፤ ሜሪላንድ ላይ ያን ጊዜ ገና አመሻሽ ነው። አደገኛው ነገር ስልክ ነው፤ አሜሪካ ያሉ ወዳጆችዎ ከሥራ ወጥተው የሚደውሉትና የሚጽፉት ልክ በዚያች ሰዓት ስለሆነ የእጅዎ ስልክ ያለማቋረጥ ይበራል። ከመተኛትዎ በፊት ይዝጉትና ከክፍሉ ያውጡት። የጆሮ መሰኪያም ይያዙ፤ በጥር የማኅሌቱም የቅዳሴውም የአዛኑም ድምፅ በሌሊት ነው የሚሰማው፣ ለለመደው ሰው በረከት ነው፣ በዚያ ሰዓት ለነቃ ሰው ግን መልሶ ለመተኛት ያስቸግራል። ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቅ አገር ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለች ከተማ ስለሚሄዱ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ ቀለል ያለ ይሆናል፤ ውኃ አብዝተው ይጠጡ፣ ጠላውንና ጠጁን ለሰርጉ ቀን ያቆዩት።

ሜላቶኒን አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ከግማሽ እስከ ሦስት ሚሊግራም የሚሆነውን በአዲስ አበባ የመኝታ ሰዓት፣ ማለትም ከምሽቱ 3፡30 ገደማ፣ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምሽቶች መውሰድ የሰውነትን ሰዓት ወደሚፈለገው አቅጣጫ ያግዘዋል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚጥል ሕመም ካለብዎ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይንኩት። ዘመድ ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጥዎትን የእንቅልፍ ኪኒን ግን በምንም ምክንያት አይቀበሉ።

ስለ መመለሻው ቲኬት አንድ ቅሬታ አለኝ። ቲኬቴን የቆረጠልኝ የጉዞ ወኪል እሑድ ሌሊት ተነሥቼ ሰኞ ጠዋት ዳለስ እንድደርስ አድርጎ ሰጠኝ፤ ቅዳሜ ማለዳ የሚያደርሰው ይሻለኛል ስል «ልዩነት የለውም፣ ሥራዎ ላይ ቀጥታ ይደርሳሉ» አለ፣ ሲቀየርም የቅያሪ ክፍያ ጠየቀኝ። ከፍዬ አስቀየርኩት፣ አልተጸጸትኩም። ቦሌ ከፍታ ላይ በመሆኑ ወደ አሜሪካ የሚበረው አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሣት ስለማይችል በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል፤ ያ ማረፊያ በሌሊት እንቅልፍን ይቆርጣል፣ ጉዞውም ከመሄጃው ይረዝማል። ስለዚህ አርብ ማታ ተነሥተው ቅዳሜ ጠዋት ይድረሱ፣ ሁለቱንም ቀናት ከሰዓት በኋላ እስኪጨልም ድረስ ከቤት ውጪ ያሳልፉ፣ ምሽት 3 ሰዓት ሳይሞላ አይተኙ። ቲኬቱ ላይ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑንም ለሚሸኝዎ ሰው ይንገሩ፤ ቤተሰብ «ሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል» የሚለው በቲኬቱ ላይ አርብ ተብሎ ነው የሚጻፍ።

ዳለስ ሲደርሱ መኪናዎን ማቆሚያው ላይ ትተው ሄደው ከሆነ ራስዎ አይንዱት። የሚቀበልዎ ሰው ከአሁኑ ይለምኑ፤ ካጡም በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ እኔ ስተርሊንግ ስለምኖር ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ አደርስዎታለሁ።