ሳነቴን በብስክሌት፦ ጥያቄና መልስ

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በሳይክል ለማየት ላሰቡ የተሰበሰቡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ በዋናነት ከጎባ ከተማ ተነስቶ ሳነቴ የተባለውን ከፍተኛ አምባ አቋርጦ ወደ ሪራ መንደር የሚወርደውን መንገድ ይመለከታሉ።

ጥ፦ ፓርኩ ውስጥ በሳይክል መግባት ይቻላል ወይ? ከመንገድ ወጥቶ ሣሩ ላይ መንዳትስ?

መ፦ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው የጠጠር መንገድ ሳነቴን መሀል ለመሀል ያቋርጣል፤ አይሱዙውም አውቶቡሱም የሚመላለሰው በእሱ ላይ ነው። የመግቢያውን ክፍያ ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ፈጽሙና ደረሰኙን ያዙ። አስጎብኚም እዚያው ጠይቁ።

ሣሩ ላይ ግን በፍጹም አትንዱ። ሜዳው ከሩቅ ለጥ ያለ ይመስላል እንጂ ሥሩ በፍልፈል ጉድጓድ የተቦረቦረ ነው። የጉድጓዱ ጣሪያ ስስ ስለሆነ የፊት ጎማ ሲያርፍበት ይደረመሳል፣ ነጂው በማኑብሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። ከዚህ የሚብሰው የእንስሳው ጉዳት ነው። ይህ ትልቁ ፍልፈል ከባሌ በቀር በዓለም የትም የለም፤ የቀይ ቀበሮም ዋና ምግብ እሱ ነው።

ጥ፦ ጋሼ፣ እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ከፍታ ለምጃለሁ። በቀጥታ ብወጣ ችግር አለው?

መ፦ አዎ፣ አለው። አዲስ አበባ ላይ የምትተነፍሰው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር አካባቢ፣ ከባሕር ጠለሉ ወደ 60 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ፔዳል እየመታህ ስትወጣ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቅሃል። ስለዚህ አንድ ሌሊት ዲንሾ፣ አንድ ሌሊት ጎባ እደርና በማግስቱ በማለዳ ተነሳ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ሳነቴ ላይ አትደር። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ከዚያ በላይ አትውጣ። እንደ ሰካራም መንገዳገድ ወይም ቁጭ ብለህ እንኳ ትንፋሽ ማጠር ካለ ሳይክሉን በሚያልፍ መኪና ላይ ጭነህ ያኔውኑ ውረድ። እስኪነጋ አይጠበቅም።

ጥ፦ ምን ዓይነት ማርሽ ያስፈልጋል?

መ፦ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሳነቴ እስኪደረስ ከ1,200 ሜትር በላይ መውጣት አለ። የፊቱ ማርሽ አንድ ብቻ ከሆነ ባለ 30 ወይም ባለ 32 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ ባለ 50 አካባቢ ይሁን። የድሮው ባለ ሦስት ከሆነ 22 ከፊት፣ 34 ከኋላ ይበቃል። ከዚህ የከበደ ማርሽ ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ዳገት ሳይክሉን እየገፋ ነው የሚጨርሰው።

ጥ፦ ጎማዬ 2.2 ኢንች ነው። ከፍታ ላይ የጎማው ነፋስ ይጨምራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ላስተንፍስ?

መ፦ አታስተንፍስ። ከጎባ ሳነቴ ስትደርስ የውጪው የአየር ግፊት በመቀነሱ የጎማህ ግፊት 2 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ያህል ይጨምራል፤ ብርዱ ደግሞ ያንኑ ያህል ወይም ጥቂት አብልጦ ይቀንሰዋል። ክብደትህ 70 ኪሎ አካባቢ ከሆነና የውስጥ ጎማ ካለው ጎባ ላይ ከ30 እስከ 35 ሞልተህ ተወው። ከዚያ ካነሰ ሹል ጠጠር የውስጡን ጎማ ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳዋል። የእጅ ፓምፕ ላይ ታገሥ፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ባሕር ጠለል ላይ 100 ምት የሚበቃው ጎማ ሳነቴ ላይ 160 ገደማ ይፈልጋል። ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማ ያዝ፤ ከጎባ በኋላ ጎሚስታ አገኛለሁ ብለህ አትተማመን።

ጥ፦ ወደ ሪራ ቁልቁለቱ ያስፈራል ይላሉ።

መ፦ እውነት ነው፤ ከዳገቱ ይልቅ እሱ ላይ ነው መጠንቀቅ። ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ በጥምዝምዝ ትወርዳላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬን ሸራውን ተመልከቱ፤ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ከቀረው ቀይሩት። ፍሬን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ትልቁ ስህተት ነው፦ ሸራው ይግልና መያዝ ይተዋል፣ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ዘይቱ ፈልቶ መያዣው እስከ ማኑብሪው ባዶውን ይገባል። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ግለቱ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳ ይችላል። ኩርባው ሳይደርስ ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ቀጥ ባለው ላይ መልቀቅ፣ ሁለቱንም ፍሬን ማሠራት። መሀል ላይ ቆማችሁ አቀዝቅዙት፣ ውኃ ግን አታፍስሱበት፤ ዲስኩን ያጣምመዋል።

ወፍራም ጓንትና የንፋስ ጃኬት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይለበሳል። ጣት ከደነዘዘ በኋላ ፍሬን መጭመቅ አይቻልም። አስታ የተባለው ቁጥቋጦ የሚበዛበት ጋ ስትደርሱ ጉም ይኖራል፣ ከኩርባው ጀርባ ከብት ወይም አይሱዙ ሊገጥማችሁ ይችላል።

ጥ፦ ቀይ ቀበሮን በሳይክል ሆኖ ማየት ይቀላል?

መ፦ ሳይክል ድምፅ ስለሌለው ጥሩ ነው፣ ግን እንስሳው ከመኪና ይልቅ ሰውን ይሸሻል። ፀሐይ ሣሩን ካሞቀች በኋላ ፍልፈሉ እስከ ትከሻው ብቅ ብሎ ሣር እየነጨ ወደ ጉድጓዱ ይስባል፤ ቀበሮውም ጆሮውን ቀስሮ፣ ሆዱን መሬት ላይ አስጠግቶ የሚያደባው ያኔ ነው። ቁሙ፣ አትከተሉት፣ ምግብ አትወርውሩ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ናቸው።

ጥ፦ ውሾች ሳይክል ያባርራሉ። ምን ይደረግ?

መ፦ አትሽቀዳደሙ። ውረዱና ሳይክሉን በመሀል አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ እለፉ። ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቡ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ሂዱ። ደግሞ አደራ፣ ዳቦ ጥላችሁ ውሻ እንዲከተላችሁ አታድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓርኩ ውስጥ ባለው በወብ ሸለቆ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። የተከተላችሁ ውሻ ካለ ወደ ባለቤቱ መልሱት።

ጥ፦ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ ይነዳል?

መ፦ የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ነው፤ 4,377 ሜትር ጫፉ ድረስ የመኪና መንገድ አለው። ድንጋዩ ልቅ ነው፤ ብዙውን ቦታ መግፋት ይቀላል።

ጥ፦ መቼ ልምጣ? ምን ልብላ?

መ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። የውኃ ጠርሙሱን ሌሊት ድንኳን ውስጥ አስገቡ። በክረምት ጭቃው ጎማና ሹካው መሀል ገብቶ ቸርኬውን ያቆመዋል። ሳነቴ ላይ ውኃ 87 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሩዝና ምስር ነዳጅ ይጨርሳሉ። ከጎባ ጭኮ ግዙ፤ ገብስና ቅቤ ነው፣ እሳት አይፈልግም፣ በብርድም አይበላሽም። በሶም እሳት አይፈልግም።