ሆቴል ከመያዝህ በፊት የእናትህን ጉልበት አስብ

ጀርመን ከገባሁ 23 ዓመት ሆነኝ። ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ሆቴል በማታ ተረኝነት ሠርቻለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በሩን ገፍቶ የሚገባውን ወገኔን ገና አፉን ሳይከፍት አውቀዋለሁ። የሻንጣው አንድ ጎማ ወልቋል። ልጁ ትከሻው ላይ ተኝታለች። ሚስቱ አኩርፋለች። ሆቴል ይዟል። ሆቴሉ ግን የከተማው ሌላ ጥግ ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደው የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል። «ወንድም፣ ክፍል ይገኝ ይሆን?» ይለኛል። ይገኛል። ግን በዚያ ሰዓት ርካሽ ክፍል የለም። ለሁለት ሆቴል ከፍሎ አንዱ ላይ ያድራል።

ይህን ያየሁት አንዴ ሁለቴ አይደለም። ስለዚህ አውሮፓን በባቡር ስትዞር ሆቴል እንዴት እንደምትመርጥ ልንገርህ፤ ቃሌ ሻከር ቢልብህ ታገሠኝ። አንቺም እህቴ፣ «አንተ» እያልኩ ብጽፍም ነገሩ ላንቺም ነው።

1. መጀመሪያ የትኛው ጣቢያ እንደምትወርድ እወቅ

ትኬቱ ላይ የከተማውን ስም አንብበን እናቆማለን። «ፓሪስ» ይላል፣ በቃ ፓሪስ ነው። ፓሪስ ግን አንድ ጣቢያ የላትም። እያንዳንዱ አቅጣጫ የራሱ ትልቅ ጣቢያ አለው። ከለንደን፣ ከብራስልስና ከአምስተርዳም የሚመጣው ጋር ዱ ኖር ይቆማል። ወደ ማርሴይ የሚሄደው ከጋር ደ ሊዮን ይነሳል። ወደ ቦርዶ ከሞንፓርናስ፣ ወደ ስትራስቡርግ ከጋር ደ ሌስት። ማታ በኖር ገብተህ ጠዋት ከሊዮን የምትነሳ ከሆነ፣ አልጋህ ከሁለቱ በአንዱ አጠገብ ይሁን። እኔን ካልከኝ ጠዋት በምትነሳበት። ማታ ብትንገላታ የምታጣው እንቅልፍ ነው፤ ጠዋት ግን ባቡሩ ነው የሚያመልጥህ። በሁለቱ መካከል አርኢአር ዲ በሚባለው የከተማ ባቡር መስመር ሁለት ፌርማታ ብቻ ነው፤ አርፎ ለተነሳ ሰው ምንም አይደለም።

ብራስልስ ላይ «ሚዲ» እና «ዞይድ» የሚሉ ሁለት ስሞች ታያለህ። አንድ ጣቢያ ነው። አንዱ በፈረንሳይኛ፣ አንዱ በደች፤ ሁለቱም ደቡብ ማለት ናቸው። ከለንደን የሚመጣው ባቡር እዚያ ይቆማል እንጂ ለትልቁ አደባባይ ለግራን ፕላስ የሚቀርበው ማዕከላዊው ጣቢያ ላይ አይቆምም።

ፍራንክፈርትም ሁለት አለ። አንዱ ማይን ወንዝ ላይ ያለው፣ ሁላችንም የምናውቀው። ሌላው ኦደር ወንዝ ላይ፣ ከፖላንድ ድንበር ጋር ተጣብቆ ያለው። አንድ የማውቀው ልጅ «እንዴት ያለ ርካሽ ሆቴል አገኘሁ መሰለህ» ብሎ ሲደውልልኝ የያዘው ኦደር ላይ ነበር። ባቡሩ የሚገባው ማይን ነው። እስካሁን ስንገናኝ እንስቃለን፤ ያን ቀን ግን አልሳቀም።

ደቡብ ፈረንሳይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኤክስ አን ፕሮቫንስና አቪኞን ላይ ፈጣኑ ባቡር የሚቆምበት ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። «ጣቢያው አጠገብ» ብለህ የያዝከው ሆቴል የትኛው ጣቢያ አጠገብ እንደሆነ እይ። ቬኒስም እንደዚያው፦ ሜስትሬ የሚባለው ጣቢያ የብስ ላይ ነው፣ ሳንታ ሉቺያ ደሴቱ ላይ። በመካከላቸው በባቡር አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ሰው «ሜስትሬ አታርፍ» ይላል። እኔ ግን ከባድ ሻንጣ ላለው ሰው አልቃወምም። ደሴቱ ላይ ያሉት ድልድዮች ደረጃ አላቸው፤ ሻንጣ ተሸክመህ ሦስቱን ከተሻገርክ ቬኒስን መጥላት ትጀምራለህ።

2. ጣቢያው ሥር ወይስ ፈንጠር ብሎ?

ጣቢያ ሁለት ፊት አለው። ይህን ያስተማረኝ ሥራዬ ነው። በአንዱ በር ብትወጣ ሱቅና ትራም፣ በሌላው ብትወጣ ሰክሮ የሚጮህ ሰው። ፍራንክፈርት ዋናው ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ባንሆፍስፊርትል የሚባለው ሰፈር በአደንዛዥ ዕፅና በሴተኛ አዳሪ ቤቶች የታወቀ ነው። ሆቴሉ ግን እዚያ ሞልቷል፣ ፎቶውም ያምራል። ልጆች ይዘህ እዚያ ጎዳና ላይ በሌሊት ሆቴል ስትፈልግ አልይህ። ኮሎኝ ላይ በተቃራኒው ከጣቢያው ስትወጣ ታላቁ ካቴድራል ፊትህ ተደቅኗል። ፍሎሬንስም ከሳንታ ማሪያ ኖቬላ ጣቢያ በእግርህ ወደ መሀል ትገባለህ። ስለዚህ «ጣቢያ አካባቢ መጥፎ ነው» ብሎ ነገር የለም፤ «ጣቢያ አካባቢ ጥሩ ነው»ም የለም። ከተማውን እይ። ከዚያ በሩን እይ።

ሮም ላይ ግን ትንሽ ልቁም። ቴርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሻንጣህን እየጎተትክ ስታልፍበት ቀና ብለህ እለፍ። ሆቴሉን ግን ለታሪክ ብለህ አትምረጥ።

ሆቴል የምትይዝበት አፕ «ከመሀል ከተማ 2 ኪሎ ሜትር» ሲልህም አትመነው። የሚለካው በቀጥታ መስመር ነው። መሀል ላይ ወንዝ ይኑር፣ ሐዲድ ይኑር አይገደውም። ከጣቢያው ያለ ቅያሪ በአንድ መስመር አምስት ፌርማታ የሚርቅ ሆቴል፣ ሁለት ፌርማታ ርቆ አንድ ጊዜ ከሚያስቀይርህ ይሻላል። ሻንጣ የያዘ ሰው የሚደክመው ባቡሩ ውስጥ ሳይሆን ሲቀይር ነው።

3. ወረቀት

ፓስፖርትህን ወይም የጉዞ ሰነድህን ከመኖሪያ ፈቃድህ ጋር ዋናውን ያዝ፣ የልጆቹንም ጭምር፤ የስልክ ፎቶ አያስተማምንም።

4. ሰዓት

በሌሊት ባቡር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የምትገባ ከሆነ ክፍል አታገኝም። አብዛኛው ሆቴል ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሻንጣ ግን ቀድሞ ይቀበልሃል፤ እኔ ስንቱን አስቀምጫለሁ። ማታ የምትዘገይ ከሆነ ደግሞ ደውለህ ንገር። ትንንሽ ሆቴሎች ማታ ሪሴፕሽን ላይ ሰው የላቸውም። የበሩን ኮድ ሳትይዝ ብትሄድ ደጅ ቆመህ ታድራለህ።

አንድ መብት አለህ፣ ብዙዎቻችን አንጠቀምበትም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የረጅም መንገድ ባቡር ከ60 ደቂቃ በላይ ቢዘገይ ከትኬቱ ሩብ፣ ከ120 ደቂቃ በላይ ቢዘገይ ግማሹ ይመለስልሃል። በመዘግየቱ ምክንያት መንገድ ላይ ማደር ግድ ከሆነብህ ማደሪያ የሚያዘጋጅልህ የባቡር ኩባንያው ነው። ስለዚህ እየተሳደብክ ወደ ሆቴል አትሩጥ። መጀመሪያ ጣቢያው ውስጥ ወዳለው የመረጃ ጠረጴዛ ሂድ።

5. እናትህን ይዘህ ስትሄድ

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

በፈረንጆቹ 2014 እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ፓሪስን ላሳያት ብዬ ከፍራንክፈርት በባቡር ይዣት ሄድኩ። አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መንገዱን ወደደችው። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ እርሻውን እያየች «ይኼ ሁሉ ሲታረስ ሰው የታለ?» ትለኛለች። ጋር ደ ሌስት ወረድን።

ሆቴሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። በዋጋ ደርድሬ ከላይ የመጣውን። ከጣቢያው በሜትሮ ሁለት ጊዜ መቀየር ነበረብን። የፓሪስ አሮጌ ሜትሮ ጣቢያ ብዙው አሳንሰር የለውም። ይህን እኔ አላሰብኩትም፤ የእኔ ጉልበት አያመኝማ። ሁለተኛው ቅያሪ ላይ ረጅም ደረጃ አለ። እማዬ ግማሽ ላይ ስትደርስ የብረቱን መደገፊያ ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሰው በግራም በቀኝም እየተገፋፋ ያልፋል። አንዱ በቦርሳው ትከሻዋን መታት። ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና «ትንሽ ትንፋሽ ልውሰድ» አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? «ትንሽ ነው የቀረን እማዬ፣ ተነሺ» ነው ያልኳት። ሰው ስላየን አፍሬ ነበር።

ሆቴሉ ስንደርስ ክፍላችን 4ኛ ፎቅ ሆነ። አሳንሰር የለም። ጠመዝማዛ የእንጨት ደረጃ ነው፤ 68 ደረጃ። ቆጥሬዋለሁ፤ ከኋላዋ ሆኜ አንድ በአንድ ስትወጣ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ኤፍል ታወር እንሂድ ስላት «አንተ ሂድና እይ፣ እኔ ከዚህ በመስኮት አያለሁ» አለች። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ግድግዳ ነው። ሁለት ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ዋለች። «ደህና ነኝ፣ አልደከመኝም» ትላለች። የእኛ እናቶች መቼ ደከመኝ ይላሉ!

በዚያው ወር ለራሴ አዲስ ስልክ ገዝቼ ነበር። አሮጌው ይሠራ ነበር።

ስንመለስ ጋር ደ ሌስት ፊት ለፊት ባቡር እየጠበቅን ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆቴል አለ። በመስታወቱ በኩል አሳንሰሩ ይታያል፤ አንድ ሽማግሌ ሻንጣቸውን ይዘው ገቡበት፣ በሩ ተዘጋ። እማዬ ዝም ብላ አየችና «እዚያም ይታደራል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም። እኔም ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች። ዳግም አልመጣችም።

እና አሁን አንተ እናቴን ላስጎበኛት ነው ስትለኝ፣ ሆቴሉን አሳየኝ የምልህ ለዚህ ነው። ለሠርግ ሊሞዚን የሚከራይ፣ ለሰው ዓይን ብሎ በብድር መኪና የሚገዛ ወገን፣ ወላጁ በሕይወቱ አንዴ ለሚያድርበት አልጋ ሳንቲም ሲቆጥር ሳይ ደሜ ይፈላል። ቪዛዋን ለማግኘት ስንት ወር ለፍተሃል! ኤምባሲ ደጅ ጠንተሃል፣ ዋስ ሆነሃል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሜትሮ ደረጃ ላይ ልታስቀምጣት ነው?

ምን ታደርጋለህ? ሆቴሉን ደውለህ ጠይቅ፤ አፑ ላይ «አሳንሰር አለ» የሚለውን ብቻ አትመን። ከመንገዱ እስከ አሳንሰሩ ስንት ደረጃ አለ በል። አውሮፓ ውስጥ አሳንሰሩ ከአንድ ፎቅ በኋላ የሚጀምርበት አሮጌ ሕንፃ አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። መታጠቢያው ገንዳ ነው ወይስ ወለሉ ላይ ያለ ሻወር? የገንዳውን ከንፈር መሻገር የማትችል እናት ሁለት ቀን ሳትታጠብ ትከርምና አትነግርህም። ያደሩ ሰዎች የጻፉትን ስታነብ ስለ ቁርሱ የሚያወሩትን ዝለል። «ደረጃ» እና «ጫጫታ» የሚሉትን ፈልግ።

ጣቢያው ውስጥም እርዳታ አለ። በኅብረቱ አገሮች ለአረጋውያንና መሄድ ለሚቸግራቸው ተጓዦች ባቡር ላይ የሚያወጣና የሚያወርድ ሠራተኛ በነፃ ይመደባል። ከ24 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ብቻ ነው። እኔ ይህን የሰማሁት እማዬ ከሄደች በኋላ ነው። ዊልቸር ሲመጣ «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ!» ብላ ትቆጣለች፣ እወቀው። «ሻንጣው እንዲቀመጥበት ነው» በላትና ሻንጣውን እቅፏ ላይ አድርግላት። አንዷ እህታችን ያደረገችው ነው፤ ሠርቶላታል።

ከጣቢያ ሆቴሉ ድረስ ታክሲም ያዝ። ለራስህ ስትሄድ በእግርህ ሂድ፤ ከእሷ ጋር ስትሆን ታክሲ። ይህ ላይ አልከራከርም።

6. ዘመድ ቤት

ዘመድ ጋ ማረፍ ክፋት የለውም። ግን ዘመድህ ከጣቢያው በከተማ ዳር ባቡር አንድ ሰዓት የሚርቅ ከሆነና የሌሊት ሥራ የሚገባ ከሆነ፣ ሆቴል ያዝና እሱን እሑድ ከሰዓት ጠይቀው። አይቀየምም። ቢቀየምም ይረሳዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ መጀመሪያ ላይ ልጽፈው ነበር፣ ንዴቱ አስረሳኝ። ስዊዘርላንድ ባዝል ወይም ጄኔቭ ሆቴል የምትይዝ ከሆነ የከተማው ትራምና አውቶቡስ ለሆቴል እንግዳ ነፃ ነው። ባዝል ላይ የምትገባበት ቀን የሆቴሉን ማረጋገጫ ብታሳይ ከጣቢያው እስከ ሆቴሉ ይወስድሃል። ማረጋገጫውን ስልክህ ላይ አውርደህ ያዝ፤ ጣቢያው ላይ ኢንተርኔት ስትፈልግ ትራሙ ጥሎህ ይሄዳል።