ጥያቄና መልስ፦ ፍሬሙ መሀል ያለው ጥቁር ፕላስቲክ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ትንሽ ፔንሲዮን እየሠራሁ ነው። ስምንት ክፍል አለው፣ አራቱ ወደ ሐይቁ፣ አራቱ ወደ ምዕራብ ያያሉ። አልሙኒየም ቤቱ ሁለት የመስኮት ፍሬም ናሙና አሳየኝ። ሁለቱም መሀላቸው ላይ ጥቁር ፕላስቲክ አለ። አንዱ ናይለን ነው፣ ውድ ነው። ሌላው ፒቪሲ ነው፣ ረከስ ይላል። ሠራተኛው «እንዲያውም ፒቪሲው ነው ሙቀት የማያሳልፈው፣ ለምን ብርህን ትበትናለህ» አለኝ። በዓይን አይለዩም። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ሠራተኛው አልዋሸህም፣ ግማሹን ነው የነገረህ።

አልሙኒየም ሙቀት ሲያሳልፍ ለጉድ ነው። ከሰዓት ፀሐይ የመታውን ፍሬም ከውስጥ በኩል ንካው፣ እጅህን ትሰበስባለህ። ያ ጥቁር ፕላስቲክ የውጩን አልሙኒየም ከውስጡ ይለያል። በባለሙያዎቹ መለኪያ አልሙኒየም ሙቀት የሚያሳልፈው 160 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ናይለኑ 0.3 ገደማ፣ ፒቪሲው 0.17። ቁጥሩ ሲያንስ የሚያልፈው ሙቀትም ያንሳል፤ አዎ፣ በዚህ ፒቪሲ ይሻላል። ግን ከ160 እዚያ ድረስ ከወረድክ በኋላ የቀረችው ልዩነት እዚህ ግባ አትባልም።

ጣጣው ሌላ ነው። ሁለቱን አልሙኒየም አያይዞ የያዘው ያ ፕላስቲክ ነው። 2 ሜትር ፍሬም በ40 ዲግሪ ልዩነት 2 ሚሊ ገደማ ይረዝማል። ደህናው ናይለን ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ ፒቪሲ ግን 6 ሚሊ ልሂድ ይላል። ጥር ላይ ሌሊት ብርድ ልብስ ደርበህ የምትተኛበት ከተማ ቀን ፀሐይዋ ፍሬሙን ስትጠብሰው፣ በተለይ ቀለሙ ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ይህ ልዩነት የወረቀት ሒሳብ አይደለም። ሲሳሳብ ከርሞ ይላላል። ማዕዘኑ ይከፈታል። ክረምት ላይ ነፋስ የሚነዳው ዝናብ የሚገባው በዚያ ነው።

ናይለን የተባለ ሁሉም አንድ አይደለም። የምትፈልገው ፖሊአማይድ 66 የሚባለውን፣ 25 በመቶ ፋይበር ግላስ የገባበትን ነው። ፋይበር የሌለው ናይለን እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል።

መለያው ቀላል ነው። ከሁለቱም ፕላስቲክ የጣት ርዝመት ቁራጭ እንዲሰጡህ ጠይቅ። የሚንተከተክ ውኃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ጣላቸው። (ጀበና ላይ እንዳትሞክረው ብቻ፣ አሮጌ ጣሳ ፈልግ።) ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃችን 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ግን ይበቃል፤ ፒቪሲ 80 ገደማ ላይ ይለሰልሳል። በጉጠት አውጥተህ እጠፈው። ፒቪሲው እሺ ይላል፣ ናይለኑ ደረቅ ነው። በእሳት ለኩሰው የሚሉህን አትስማ፣ የፒቪሲ ጭስ መርዝ ነው።

አሁን ሠራተኛው የማይነግርህን ልንገርህ። ፕላስቲክ ያለበት ፍሬም ለስምንቱም ክፍል አያስፈልግህም። ሐይቁ ከከተማው በስተ ሰሜን ነው፤ ወደ እሱ የሚያዩት ክፍሎች የከሰዓቱ ፀሐይ ብዙም አያገኛቸውም፣ እንግዳውም መስኮቱን ከፍቶ የጣናን ነፋስ ነው የሚፈልገው። ለእነሱ ፕላስቲክ የሌለበትን ተራውን አልሙኒየም ግዛ፣ በተረፈው ብር ደህና የትንኝ ወንፊት አስገጥም።

የምዕራቦቹ ሌላ ናቸው። ኤሲ ልትገጥምላቸው ከሆነና መስታወቱም ድርብ ከሆነ፣ ናይለኑን ያለ ክርክር ግዛ። ነጠላ 6 ሚሊ መስታወት ላይ ግን ጣሪያ የሌለው ቤት በር እንደ መቆለፍ ነው። ኤሲ ከሌለም ተወው፣ ዛፍ ትከል ወይም ከውጭ መጋረጃ ስቀል። የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የጣሪያ ክንፍ አያቆማትም።

ከገዛህ ውሉ ላይ «ናይለን» ተብሎ ብቻ አይጻፍ። «ፖሊአማይድ 66፣ 25 በመቶ ፋይበር ግላስ» ይባል። ናሙናው ላይ ሁለታችሁም ፈርሙበትና አንተ ጋ ይቀመጥ። ፍሬሙ ሲመጣ ከዚያ ጋር አስተያየው፣ ፕላስቲኩንም ከጫፉ ይዘህ ሳበው፤ ከተንሸራተተ ከመኪናው አታውርደው።