ሪሬይዝን ኮል አድርጎ ቀድሞ ተናጋሪ መሆን፦ ኪሳራው የሚጀምረው ከፍሎፑ በፊት ነው

ስለ ቴክሳስ ሆልደም ፖከር ያቀረቡት ጥያቄ ይህ ነው፦ ከከትኦፍ (ከበተን ቀድሞ ካለው መቀመጫ) ሆነው 2.5 ብላይንድ (የግዴታውን መነሻ ውርርድ 2.5 እጥፍ) ይከፍታሉ፤ በተን ላይ (ከፍሎፑ በኋላ በየዙሩ መጨረሻ በሚናገረው፣ ማለትም በሚወስነው መቀመጫ) የተቀመጠው ወደ 8 ያሳድግብዎታል፣ ሪሬይዝ የሚባለው ይህ ነው፤ ምልክታቸው በተለያየ ኪንግ ኩዊን ኮል ያደርጋሉ (እኩል ከፍለው ይቀጥላሉ)፤ ከዚያ ፍሎፑ (መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) ካልመታዎት፣ ማለትም ከእጅዎ ጋር ካልገጠመ፣ ቼክ ብለው (ሳያስይዙ አሳልፈው) ይተዋሉ፣ ከመታዎት ደግሞ እስከ ሪቨር (እስከ አምስተኛውና መጨረሻው ካርታ) ተከትለው ይሸነፋሉ። «ፍሎፕ ላይ ምን ላድርግ?» ብለዋል። እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ አንድ ዓመት ያህል ስለዞርሁና የዘረዘሩት ምልክት ሁሉ የእኔው በሽታ ስለሆነ፣ እንደ ራሴ ጉዳይ ቆጥሬ እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ ስህተቱን ፍሎፕ ላይ አይፈልጉት፤ ያለው ኮሉ ላይ ነው። ዋጋው ርካሽ መስሎ ስለሚታይ ማንንም ያታልላል። እንዲጨምሩ የሚጠየቁት 5.5 ብላይንድ ሲሆን፣ ሁለቱ ብላይንዶች (የግዴታ ውርርድ ያስያዙት ሁለት ተጫዋቾች) ከተዉ መሐል ላይ 12 ተቀምጦ ይጠብቅዎታል። ሒሳቡ 31 በመቶ ገደማ የማሸነፍ ዕድል ይበቃዎታል ይላል፤ ኪንግ ኩዊንም በተኑ ሊይዛቸው ከሚችላቸው እጆች አንጻር ከዚያ አያንስም። ሣሩ ይህ ነው። ገደሉ ግን ያ ሒሳብ የሚሠራው አምስቱም ካርታ እስኪወጣ ድረስ ማንም ሌላ ገንዘብ የማይጠይቅዎት ቢሆን ብቻ መሆኑ ነው። ከ100 ብላይንድዎ 92ቱን ከኋላዎ አስቀምጠው 17.5 ብላይንድ ላለበት ፖት (መሐል ለተከማቸው ገንዘብ) በየዙሩ ቀድመው ሲናገሩ፣ የሚበልጡበትን እጅ ይተዋሉ፣ ለሚያንሱበት ይከፍላሉ፣ ጥሩ ሲይዙም ተጋጣሚዎ ቼክ ብሎ ቀጣዩን ካርታ በነፃ ያያል። በዚህ ላይ አብዛኞቹ የኦንላይን ቤቶች ፍሎፕ ካየ ፖት ሁሉ ኮሚሽናቸውን ስለሚቆርጡና ፍሎፕ ካላየው ስለማይነኩ፣ በዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ኮል ማድረግ ከሚታየው በላይ ውድ ነው።

ሁለተኛ፣ በዚህ እጅ ኮል ይደረጋል ብሎ የነገረዎት ማን እንደሆነ ይመርምሩ። ይህንን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ አሠልጣኝ ነኝ ባይ፣ በየመቀመጫው ምን ይዞ ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚያሳይ ባለ ቀለም ሰንጠረዥ ሸጠልኝ። «ሪሬይዝ ሲገጥምዎ» በሚለው ገጽ ላይ ምልክታቸው የተለያየ አስ ጃክም ኪንግ ኩዊንም አረንጓዴ ተቀብተዋል፤ አረንጓዴ ማለት ኮል ነው። እኔም ሦስት ወር ሙሉ እንደ ዳዊት ደገምሁት።

ዓይኔን የገለጠልኝ እጅ እነሆ። በአስ ጃክ ከከትኦፍ ከፈትሁ፤ በተን ወደ 8 አሳደገ፤ ኮል አደረግሁ። ፍሎፑ ምልክታቸው የተለያየ ጃክ፣ 7 እና 3 ሆነ፤ ከዚህ የተሻለ ምን ሊወጣልኝ ነበር? ቼክ አልሁ፤ እሱ 6 ብላይንድ መታ (አስያዘ)፤ ኮል። ተርን (አራተኛው ካርታ) 2 ሆኖ ሲወጣ ቼክ አልሁ፤ 20 መታ፤ ኮል። ሪቨሩም ሌላ 2 ሆኖ ቼክ ስል የቀረውን 66 ብላይንድ በሙሉ ገፋው። ሰዓት ቆጣሪው ወደ ቀይ እስኪለወጥ አሰብሁ ልበል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ያሰብሁት የከፈልሁትን 34 ብላይንድ ነበር፤ ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬ ኮሉን ተጫንሁት። የኩዊን ጥንድ አሳየኝ።

በማግስቱ በወረቀት ላይ ቆጠርሁት። ለመጨረሻው ኮል 33 በመቶ ገደማ ያስፈልገኝ ነበር። አንዱ አስ በእጄ ስለሆነ የአስ ጥንድ የሚኖረው በ3 መንገድ (በ3 የካርታ ጥምረት) ነው፤ የኪንግና የኩዊን ጥንዶች እያንዳንዳቸው በ6፣ የጃክ ጥንድ በ1፤ እነዚህ ብቻ 16 ናቸው። ስለዚህ የማሸንፋቸው ቢያንስ 8 መንገዶች ሊኖሩ ይገባ ነበር፤ ምልክታቸው አንድ የሆነ ኪንግ ጃክ ግን ሁለት ጃኮች ብቻ ስለቀሩ በ2 መንገድ ብቻ ይገኛል፣ የተቀረው ሁሉ ንጹሕ ብሉፍ (ደካማ እጅ ይዞ ማስፈራራት) መሆን ነበረበት። እኔ በምጫወትበት ደረጃ ሪሬይዝ አድርጎ ሦስቱንም ዙር በብሉፍ የሚገፋ ሰው ያየሁት በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው። የአስ ጃክ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሳይመታ 8 ብላይንድ ያስከፍላል፣ ሲመታ 100።

እጁን ለአሠልጣኙ ልኬ ጠየቅሁት። «ሰንጠረዡ ምንም አይወጣለትም፤ ዕድልህን ውቀስ» አለኝ። ቁጥሩን ዘርዝሬ በድጋሚ ብጠይቀው ከሥልጠና ቡድኑ አስወጣኝ፤ ገንዘቤም በዚያው ውሃ በላው። በራሴ ጊዜ ሰንጠረዡን አጉልቼ ስመረምር ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ መስመር አገኘሁ፦ ያ ገጽ የተሠራው በተን ላይ ሆኖ ከፍቶ ከቢግ ብላይንድ (ትልቁን የግዴታ ውርርድ ከሚያስይዘው መቀመጫ) ሪሬይዝ ለሚገጥመው፣ ማለትም ከፍሎፑ በኋላ የመጨረሻውን ቃል ለሚናገር ሰው ነበር። የሸጠልኝ ሰው ራሱ ይህንን መስመር አንብቦት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ከከትኦፍ ከፍቼ በተን ሲያሳድግብኝ ምልክታቸው የተለያየ አስ ጃክንም ኪንግ ኩዊንንም ያለ ሐዘን እተዋለሁ። ከኩዊን ጥንድ ጀምሮ ያሉትንና አስ ኪንግን ስይዝ መልሼ ወደ 22 ብላይንድ ገደማ አሳድጋለሁ፤ አልፎ አልፎ ምልክታቸው አንድ የሆነ አስ 5ን እጨምርበታለሁ፤ አንዱን አስ እኔ ስይዝ የተጋጣሚዬ የአስ ጥንድ ከ6 ወደ 3፣ አስ ኪንጉም ከ16 ወደ 12 ይወርዳልና። ለኮል የሚቀሩኝ መካከለኛ ጥንዶችና ምልክታቸው አንድ የሆኑ ትልልቅ ካርታዎች ብቻ ናቸው። ትንንሽ ጥንዶችን በተመለከተ፣ ፍሎፕ ላይ ሦስተኛው የሚመጣው ከ8 ወይም ከ9 ጊዜ አንዴ ስለሆነ፣ ተጋጣሚዎ ፊት ያለው 40 ብላይንድ ብቻ ከሆነ አይሞክሩት።

ሦስተኛ፣ ፍሎፑን በተመለከተ። ሁልጊዜ በቼክ ይጀምሩ፤ ነገር ግን ቼክ ማለት እጅ መስጠት አይደለም። እኔ ያላወቅሁት ይህንን ነበር። 17.5 ብላይንድ ባለበት ፖት ላይ 6 ሲያስይዝብዎት ከ4 ጊዜ 1 ጊዜ ትንሽ ከፍ ብሎ ከተዉለት ምንም ባይዝም አትርፏል፤ ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ደግሞ ፍሎፕ ላይ ከ3 ጊዜ 2ቱን ያህል አይመቱም። ስላልመታኝ ተውሁ ማለት እንግዲህ ደመወዝ መክፈል ነው። እርስዎ ለመቀጠል የሚያስፈልግዎት 20 በመቶ ገደማ የማሸነፍ ዕድል ብቻ ነው። አስና ኪንግ አብረው ሲወጡ ፍሎፑ የእርሱ ስለሆነ በሰላም ይልቀቁለት፤ 8፣ 7 እና 6 ዓይነት ሲወጣ ግን መካከለኛ ጥንድ የበዛው በእርስዎ በኩል ስለሆነ ቼክ ብለው ሲመታ ወደ 19 ያሳድጉበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህንን ያደረግሁት በ9 ጥንድ ሲሆን፣ ያ በየቀኑ ይጋልበኝ የነበረ ተጫዋች እስከ መጨረሻው ሰከንድ ቆይቶ ተወው፤ ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ያድርጉ። የእጆችዎን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ካለዎት፣ ሪሬይዝን ከፖዚሽን ውጪ (ቀድመው ተናጋሪ ሆነው) ኮል ያደረጉባቸውን እጆች ብቻ ለይተው ያውጡና በአማካይ ስንት እንዳከሰሩዎት ይመልከቱ። የሚያነጻጽሩት ከዜሮ ጋር አይደለም፤ ቢተዉ ኖሮ የሚያጡት የከፈቱበትን 2.5 ብላይንድ ነበር። የእኔ አስ ጃክ በየኮሉ ከ4 በላይ ሲያስከፍለኝ እንደኖረ ያየሁት እንዲህ ነው። ጥቂት ደርዘን እጆች ብቻ ካሉዎት ቁጥሩን ገና አይመኑት።

ሰንጠረዡን አልጣልሁትም። በተን ላይ ሆኜ ከቢግ ብላይንድ ሪሬይዝ ሲገጥመኝ እከፍተዋለሁ፤ እዚያ በትክክል ይሠራል።