ከግራው ስፒከር የሚመጣው ሽሽታ

ጥያቄ፦ አምፕሊፋየሬ አራት ትልልቅ ኢኤል34 እና ሁለት ትንንሽ 12ኤኤክስ7 ቲዩቦች (ድምፅ የሚያጎሉ የመስታወት ቱቦዎች) አሉት፤ ትንንሾቹ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ ነው። ሙዚቃ ሳልከፍትም ከግራው ስፒከር «ሽሽሽ» ይላል። ሁሉንም ልቀይር? ትንንሾቹን 12ኤዩ7 በሚባለው ቲዩብ ብተካስ?

መልስ፦ ኧረ ሁሉንም አይግዙ! አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉና ቲዩቦቹ እስኪቀዘቅዙ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የታችኛውን ክዳን አይክፈቱ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ከጠፋም በኋላ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ከዚያ ሁለቱን 12ኤኤክስ7 ያቀያይሩ። ሽሽታው ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋተኛው ቲዩቡ ነው፣ አንድ ብቻ ይግዙ። ግራ ላይ ከቀረ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሲነቅሉ ወደ ጎን አያወዛውዙ፣ ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ እግሩ ከተጣመመ መስታወቱ ከሥሩ ይሰነጠቃል። ጫፉ ላይ ያለው ብርማ ቅብ እንደ ወተት ነጥቶ ካዩት አየር ገብቶበታል፣ ይጣሉት።

12ኤዩ7 ሶኬቱ ላይ በትክክል ይገጥማል፣ የማጉላት አቅሙ ግን ወደ 20 ገደማ ነው፤ የ12ኤኤክስ7 100 ነው። ሽሽታው ቢቀንስም ሙዚቃውም አብሮ ይደክማል። አልመክርም።

ኢኤል34 የቀየሩ ዕለት ግን ባያስ (ሙዚቃ ሳይከፈት በቲዩቡ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት) ማስለካት ግዴታ ነው። የፕሌቱ (ቲዩቡ ውስጥ ያለው የብረት ሳህን) ጣሪያ 25 ዋት ነው፤ ለጥንቃቄ የሚወሰደው 70 በመቶው 17.5 ዋት ነው፣ ፕሌቱ ላይ ያለው ለምሳሌ 430 ቮልት ቢሆን በዚያ ሲካፈል 40 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል። ፕሌቱ ፍም መስሎ ከቀላ ወዲያውኑ ያጥፉ።