ስለ «ቢችስ ብሩ» ለጠየቅሽው፦ ከቤዙ ጀምሪ

እህቴ፣ «‹ካይንድ ኦፍ ብሉ›ን ስወደው ነው የኖርኩት፣ ‹ቢችስ ብሩ›ን ግን ሁለት ጊዜ ሞክሬ ከጫጫታ በቀር የሰማሁት ነገር የለም፤ ሰው የሚያደንቀው ከልቡ ወዶት ነው ወይስ አደንቃለሁ ማለት ስላለበት?» ብለሽ ጠይቀሻል። «ጃዝ ገና ስላልገባሽ ነው» የሚሉትን መልሶች አይቻቸዋለሁ፤ አልስማማባቸውም። ሁለቱም የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ አልበሞች ናቸው፤ «ቢችስ ብሩ» እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጃዝ ሲሰሙ የኖሩ ሰዎችም አንቺ ያልሽውን ብለዋል። እኔ ቤዝ ጊታር (ዝቅተኛውን፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘውን) እጫወታለሁ፣ ይህን አልበም ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፣ ከልቤም እወደዋለሁ። መልሴም ከቤዝ ተጫዋች ጆሮ የመጣ ነው።

በመጀመሪያ፣ በምን ሰማሽው? በስልክሽ ስፒከር ከሆነ እውነትሽን ነው፣ የሰማሽው ጫጫታ ነው። ይህ ሙዚቃ ግራና ቀኝ ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። በአብዛኛው ቦታ ሁለት ድራመሮች እኩል ይመታሉ፤ ሌኒ ዋይት በግራ ጆሮሽ፣ ጃክ ዲጆኔት በቀኝ ጆሮሽ በኩል። በ«ፌሮዝ ዳንስ» እና በ«ስፓኒሽ ኪ» ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ፒያኖ የሚጫወቱት ሦስት ናቸው፦ ጆ ዛዊኑል በግራ፣ ቺክ ኮሪያ በቀኝ፣ ላሪ ያንግ መሃል ላይ። በዚህ ላይ የጆን ማክላፍሊን ጊታር፣ ሁለት ቤዝ፣ የቤኒ ሞፒን ቤዝ ክላሪኔት፣ የዌይን ሾርተር ሶፕራኖ ሳክስፎን፣ ኮንጋ (በእጅ የሚመታ ከበሮ) እና ሼከር (እየተነቀነቀ የሚጫወቱት) አለ። ይህ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ስፒከር ሲጨመቅ ሦስቱ ፒያኖዎች አንድ ላይ ይደፈራረሳሉ፣ ቤዙና ቤዝ ክላሪኔቱ ጭራሽ ይጠፋሉ፣ የሚቀርልሽ ከላይ ያለው ጩኸት ብቻ ነው። ስለዚህ ሄድፎን አድርጊ። ውድ መሆን የለበትም፤ ግራና ቀኙን በትክክል አድርገሽ ድምፁን መካከለኛ ላይ ተይው። ብቻ ይህን በማስተካከል «አሁን ሌላ ሙዚቃ ሆነብኝ» ያሉኝ ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ፣ ከመጀመሪያው ትራክ አትጀምሪ። «ፌሮዝ ዳንስ» ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ከአልበሙ ሁሉ እጅግ የተወሳሰበ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያው ላይ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። በሁለቱ ሸክላዎች የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለውን «ማይልስ ራንስ ዘ ቩዱ ዳውን»ን ክፈቺ። አሥራ አራት ደቂቃ ነው፣ ብሉዝ ነው፣ ምቱም ሰውነትን ይይዛል። የምቱ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። በቀረጻው ላይ ድራመሮቹ ማይልስ የፈለገውን ስሜት ማምጣት አቅቷቸው ደጋግመው ሲሞክሩ፣ ኮንጋ ለመምታት የመጣው ዶን አላያስ በኒው ኦርሊንስ ከተማ በማርዲ ግራ የበዓል ሰልፍ የሰማውን ምት አውቃለሁ አለና የሌኒ ዋይት ድራም ላይ ተቀመጠ። በግራ ጆሮሽ የምትሰሚው ያ ዘገም ያለ፣ ወደ ኋላ ሳብ የሚያደርግ ምት የእሱ ነው።

እዚህ ትራክ ላይ መጀመሪያ ትራምፔቱን አትከተይ። እርግጥ አልበሙ የማይልስ ዴቪስ ነው፣ ጆሮ ወደ እሱ መሄዱ አይቀርም። ግን ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ቤዙን ብቻ ያዢ። ሃርቪ ብሩክስ በኤሌክትሪክ ቤዝ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ ዴቭ ሆላንድ በዙሪያው ይንቀሳቀሳል። ብሩክስ ከሮክ የመጣ ሰው ነው፣ በ1965 ከቦብ ዲላን ጋር የተቀረጸ፤ የጃዝ ሰው ቢሆን ኖሮ ያችን ሐረግ ማስጌጥ ያምረው ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ይህችን ሐረግ ይዘን ለመጫወት ስንሞክር በደንብ የታወቀኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ኖታዎቹ ቀላል ናቸው፣ የሚከብደው አለመጨመር ነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ ጣት ይቁነጠነጣል፣ ድራሙ ሲግል አብሮ መሮጥ ይፈልጋል። አንዴ ከሮጥሽ ግን ከላይ ያሉት ሁሉ የሚቆሙበት ያጣሉ። ማይልስ ዝቅ ካለው ድምፁ ተነስቶ እያጉረመረመ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ማክላፍሊን ጊታሩን ቆረጥ ቆረጥ ሲያደርግ፣ ፒያኖዎቹ ሲጋጩ፣ ቤዙ እዚያው ነው። ያንን አንዴ ከያዝሽ በኋላ «ጫጫታ» ያልሽው ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ይሰማሻል። ቤዝ ተጫዋች ስለሆንኩ አድልቼ ሊመስልሽ ይችላል፤ ሞክሪውና ፍረጂ።

ከዚያ በኋላ አልበሙ ስሙን ወደወሰደበት ወደ ሃያ ሰባት ደቂቃው ትራክ ሂጂ። መግቢያው ላይ ምት የለም ማለት ይቻላል፤ ማይልስ አጭር ድምፅ ይወረውራል፣ ድምፁ በማሚቶ እየተደጋገመ ይርቃል፣ ከሥር ፒያኖዎቹና ድራሞቹ ያንጎራጉራሉ። ሦስተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል ቤዙ ብቻውን ይገባል፣ ማይልስ ጣቱን ሲያጮህ ይሰማል፣ ቤዝ ክላሪኔቱም ከቤዙ ጋር ይጠላለፋል። እኔ በዚህ አልበም ከምወዳቸው ቦታዎች አንደኛው ይህ ነው። ሞፒን የሚጫወተው መሣሪያ በጃዝ ብዙም የማይሰማ፣ ጥቁር ቡና የመሰለ ድምፅ ያለው ነው፤ ብቻውን ሶሎ ከመውሰድ ይልቅ በሌሎቹ መካከል እየተሽሎከለከለ ነው የሚሄደው። በሁለተኛው ማዳመጥሽ እሱን ብቻ ተከተይ። በትራኩ መሃል ማይልስ ለሙዚቀኞቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገር ይሰማል፤ አላጠፉትም፣ ትተውታል።

ይህን የማነሳው ሙዚቃው እንዴት እንደተሠራ ስለሚያሳይ ነው። ቀረጻው ከነሐሴ 19 እስከ 21 ቀን 1969 (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ የሙዚቃ ኩባንያ ስቱዲዮ ሦስት ጠዋት ነው የፈጀው። ማይልስ ሙሉ ኖታ ይዞ አልመጣም፤ ጥቂት ሐረጎች፣ አንድ ሁለት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች)፣ የተወሰነ ምት ይሰጣቸዋል፣ ከዚያ በእጁ ይመራል፣ ያስቆማል፣ ያስቀጥላል። ቴፑ ሳይቋረጥ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ፕሮዲዩሰሩ ቴዮ ማሴሮ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠ፣ እየቀጠለ፣ እየደገመ አዲስ ቅርጽ አወጣለት። «ፌሮዝ ዳንስ» ላይ ዘጠነኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል ጆሮሽን አቁሚ፤ አንድ ሰከንድ የምታህል ቁራጭ ተከታትላ ስትደጋገም ትሰሚያለሽ። ያ የማንም ሙዚቀኛ ጣት አይደለም፣ ምላጭ ነው። ዛሬ በኮምፒውተር ማንም የሚያደርገው ነገር ነው፤ በ1969 ግን በጃዝ ውስጥ ይህን ማድረግ ለብዙዎች እንደ ማጭበርበር ነበር፣ ጃዝ ማለት በዚያች ቅጽበት የተጫወቱት ነው ብለው ያምኑ ነበርና።

ሲጫወቱ የነበሩት ራሳቸውም የመጨረሻውን ቅርጽ አያውቁትም ነበር። ጆ ዛዊኑል በቀረጻው ብዙም እንዳልተደሰተ፣ በኋላ ግን በኩባንያው ቢሮ አንዲት ጸሐፊ የከፈተችውን ሙዚቃ ሰምቶ በመደነቅ ይህ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ራስህ ከማይልስ ጋር የተጫወትከው ነው እንደተባለ ተርኳል። «ፌሮዝ ዳንስ»ን የደረሰው እሱ ነው! እንግዲህ እሱ ያልለየውን አንቺ በሁለት ጊዜ ካልለየሽው ምን ይገርማል?

በአልበሙ ዙሪያ ወደተነሳው ጠብ ልምጣ፣ ምክንያቱም ጥያቄሽ ውስጥ «የሚያደንቁት ከልባቸው ነው ወይ» የሚል አለ። የተቃዋሚዎቹ ክስ ባጭሩ፦ ማይልስ ለገንዘብና ለወጣት ሮክ አድማጭ ብሎ ጃዝን ሸጠው። ሃያሲው ስታንሊ ክራውች በ1990 ሳይቀር ይህንኑ በብርቱ ቃል ጽፎታል። ከክሱ እውነት የሆነ ክፍል አለ። የኮሎምቢያው ኃላፊ ክላይቭ ዴቪስ ማይልስ ወደ ወጣቱ አድማጭ እንዲሄድ ገፋፍቶታል፤ ማይልስም በ1970 በፊልሞር አዳራሾች ከሮክ ባንዶች ጋር መድረክ ተጋርቷል። አልበሙም ተሸጧል፣ በ1976 ለብዙ ሽያጭ የሚሰጠውን የወርቅ ማዕረግ አግኝቷል፣ የግራሚ ሽልማትም ወስዷል። ግን እስቲ አስቢው፤ ገበያ ብቻ የሚፈልግ ሰው ዘፋኝ የሌለበት፣ ሬዲዮ የማያጫውተው የሃያ ሰባት ደቂቃ ሥራ ይዞ ይወጣል? ማይልስ በዚያ ጊዜ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን እየደጋገመ በሰላም መኖር ይችል ነበር። ስለዚህ የገንዘቡ ክስ ለእኔ አይዋጥም።

ሌላው ክስ ግን ክብር የሚገባው ነው። በዚህ አልበም ላይ የድሮው የጃዝ ስዊንግ (ያ የሚወዛወዘው ምት) የለም፣ ኮርዱ እየተለዋወጠ የሚሄደው መንገድም የለም ይላሉ። ልክ ናቸው፣ የለም። ከጃዝ የምትወጂው እሱን ከሆነ፣ ቤዙን መቶ ጊዜ ብትሰሚው የጎደለብሽን አይተካልሽም። ያንን ብለው ያልወደዱት ሰዎች ጆሮ የላቸውም የሚል ሰው ካለ አትስሚው። በሌላ በኩል፣ ከዚያ ስቱዲዮ የወጡት ሰዎች ቀጥለው የሠሩትን ተመልከቺ፤ ዛዊኑልና ሾርተር ዌዘር ሪፖርትን፣ ማክላፍሊን ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራን፣ ኮሪያ ሪተርን ቱ ፎረቨርን የተባሉትን ባንዶች አቋቋሙ፣ ሞፒን ከፒያኒስቱ ሄርቢ ሃንኮክ ጋር ሄደ። ፊውዥን የምንለው፣ ጃዝን ከሮክ የሚያዋህደው ነገር ትልቁ ክፍል ከእነዚህ እጅ ነው የወጣው።

የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች እንደምትወጂ ከሌላ ጽሑፍሽ አይቻለሁ። በ1972 ኒው ዮርክ የተቀረጸውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ብታስታውሺ፣ እዚያም ቤዙ አንድ ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፣ ሶሎው በአንድ ቅኝት ውስጥ ሆኖ ይንሸራሸራል። አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለቴ አይደለም፤ ጆሮሽ ለዚህ ዓይነት አጨዋወት እንግዳ አይደለም ለማለት ነው። ማይልስም ከ«ካይንድ ኦፍ ብሉ» ጀምሮ የያዘው ነገር ኮርድ ከመቀያየር ይልቅ በአንድ ስኬል (ቅኝት እንደምንለው) ላይ መቆየት ነበር። ትዝታን ወይም አምባሰልን ለረጅም ሰዓት ሰምቶ ለማይሰለች ሰው ይህ ቅርብ ነው። ርዝመቱ ያስቸገረሽ ከሆነ ደግሞ ማኅሌት ቆመሽ እንደሆነ አስቢ፤ ከቁም ዜማው ተነስቶ በዝማሜና በመረግድ አልፎ ጽፋት እስኪደርስ ማንም «ዋናው የቱ ጋ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፣ መሄዱ ራሱ ነው ዋናው። «ቢችስ ብሩ»ንም እኔ የምሰማው እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ፦ «ቩዱ ዳውን»፣ ከዚያ የአልበሙን ስም የያዘው፣ ከዚያ «ስፓኒሽ ኪ»፣ ይህኛው ፈጠን ያለና የማይልስ ምልክት ባለበት ሁሉ ቀለሙን የሚቀይር ነው። «ፌሮዝ ዳንስ»ን ለመጨረሻ አቆዪው። «ጆን ማክላፍሊን» የሚለው አጭር ትራክ ላይ ማይልስ ራሱ አይጫወትም፤ ብትዘልይው ብዙ አይቀርብሽም። የሾርተር ድርሰት የሆነው «ሳንክቹዋሪ» ግን ለስላሳ ነው፣ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን ለሚወድ ሰው ቶሎ ይገባል፤ ከደከመሽ በእሱ እረፊ። በሁለት ቀን አትጨርሺው፣ በአንድ ቀን አንድ ትራክ ይበቃል። ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ካስቸገረሽ፣ በየካቲት 1969 የተቀረጸውን የማይልስን «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ»ን አስቀድሚ፤ ብዙዎቹ ሰዎች እዚያም አሉ፣ ድምፁ ግን የተረጋጋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በኢንተርኔት የምታገኚው ቅጂ ከ«ሳንክቹዋሪ» ቀጥሎ «ፌዮ» የሚል ትራክ ሊኖረው ይችላል፤ እሱ በጥር 1970 የተቀረጸና በኋላ በሲዲ የተጨመረ ነው። አራት ሲዲ የሆነው ትልቁ ስብስብም ከነሐሴው ቀረጻ በኋላ የተሠሩ ብዙ ሥራዎችን ይዟል፤ ከእሱ አትጀምሪ። «ሳንክቹዋሪ» ሲያልቅ አልበሙ አልቋል፣ እዚያ ላይ ዝጊው። «ቩዱ ዳውን»ን በሄድፎን ስትሰሚ ቤዙ የት ላይ እንደያዘሽ እዚሁ ጻፊልን፤ የሌሎቻችሁንም መስማት እፈልጋለሁ።